ዝምተኛውን ፊልም ያናገርኩ ዕለት

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ስንት ጾም ገባ፣ ስንት ጾም ወጣ፤ እሳቸው ፊት ቀርቤ ሐሜቱንም ስካሩንም ስዘረግፍ፣ ይቺን አንዷን ግን ከምላሴ ሥር ደብቄያት እመለሳለሁ። አሁን ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገር ነው። አውቄ ነው ያደረግሁት። «ሳላስበው አመለጠኝ» የሚባል ነገር የለበትም። ምላሴ እንጀራዬ ነበረች፤ መቼ እንደምለቃትና መቼ እንደምይዛት አሳምሬ አውቅ ነበር።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት በነበረበት ዘመን ፊልም ተርጓሚ ነበርኩ። ለማያውቅ ልንገር፤ ፊልሙ በውጭ ቋንቋ ይሄዳል፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዤ እቀመጣለሁ፣ የተባለውንም ያልተባለውንም በአማርኛ እለዋለሁ። እውነቱን ለመናገር የውጭውን ቋንቋ ሩቡን እንኳ አልሰማውም ነበር። ማን ጠየቀኝ? ሽፍታው የእኛ ሰፈር ሰው ይሆናል፣ ፖሊሱ የቀበሌ ሊቀመንበር ይሆናል፣ ቆንጆዋ ገብስ ልትሸጥ ደጎሎ ገበያ ትሄዳለች። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። «ዛሬ ምን ፊልም አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ «ዛሬ እሱ አለ?» ነበር የሚሉት። ትዕቢቴን ከዚህ ጀምራችሁ ቁጠሩብኝ።

ሰይድ ጓደኛዬ ነበር። አናጺ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ወሬ የማያበዛ፣ መዋሸት የማይችልበት ሰው። የሚጥል በሽታ ነበረበት። ይህን በከተማው የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከአጅባር ወደ እኛ የመጣውም እዚያ ስለታወቀበት ነው። ሊጥለው ሲል ቀድሞ ይታወቀዋል፤ ያን ጊዜ ሥራውን ጥሎ ወደ ቤቴ ይመጣና በሩን ይዘጋል። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አረፋውን ከአፉ ጠርጌ፣ እስኪነቃ ስንቴ ጠብቄዋለሁ! እንደ አገሩ ልማድ ክብሪት ጭሬ ጭሱን አሽትቼዋለሁ። እጄ በምራቁ ርሷል፤ አንድም ቀን ምንም አልሆንኩም። በሽታው እንደማይጋባ በዚያች ከተማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ያዙብኝ።

አንድ ዓመት ዘሃራን አጨ። ለእሷ በሽታውን ራሱ ነገራት፤ እሷም ከነበሽታው ወደደችው። ለቤተሰቦቿ ግን ኒካው ካለፈ በኋላ ቀስ ብለው ሊነግሩ ተማከሩ። ይህንንም የነገረኝ ሰይድ ነው፤ ደስታው አላስችል ብሎት።

ከዚያ ያ ዝምተኛ ፊልም መጣ። ከደሴ ከሚላክልን ሲዲ ጋር ተቀላቅሎ ነው የመጣው። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰይድ ከዘሃራ አጎትና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ከፊት ተቀምጧል። የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ በሚጢጢ መኪና ጣራ ላይ ትልቅ ቁም ሳጥን ጭኖ፣ ተራራ ላይ ለምትኖር እህቱ ሊያደርስ ይጓዛል። በየመንገዱ አንድ ነገር ይጎድልበታል፤ መጀመሪያ የመኪናው በር፣ ከዚያ መስተዋቱ፣ ከዚያ ባርኔጣው። አንዲት ዳክዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብታ አብራው ትሄዳለች። ሰውዬው ደግሞ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሳያውቃቸው የገባባቸው ሰዎች ሠርግ ላይ ሲጨፍር፣ በቆመበት ድፍት ይላል። ማንም አይናገርም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሁሉም ሰው ንግግር ቢደመር አሥር ቃል አይሞላም።

ማይኬን ይዤ ጠበቅሁ። የሚተረጎም ነገር የለም። ሕዝቡ ግን ይስቃል። በሩ ወልቆ አስፋልት ላይ ሲቀር ሳቁ፤ ዳክዬዋ በቁም ሳጥኑ ስንጥቅ አንገቷን ብቅ ስታደርግ ሳቁ። ትልቅ የለ ትንሽ የለ፣ ሁሉም ያለ እኔ ሳቀ። እንዴት እንደተቃጠልኩ ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? አንድ ዲዳ መሳይ ሰውዬ በገዛ ቤቴ መጥቶ ሰዎቼን ወሰደብኝ። በፊልም የቀና ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀናሁ። የሰው ልጅ ኑሮ ያፈረስኩት ለዚህች ለማትረባ ነገር ነው።

ሰውዬው ነዳጅ ማደያው ደጃፍ ላይ ድፍት ሲል ማይኩን አፌ ላይ ለጠፍኩ። «ይሄ የኛው አናጺ ሰይድ ነው፤ ለሙሽራዋ ቁም ሳጥን ሊያደርስ ሲሄድ ጣለው» አልኩ። ቤቱ ተናጋ። ሳቁ ወደ እኔ ተመለሰ። ሰይድም ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። እችል ነበር፣ አላቆምኩም። ሰውዬው ሠርጉ ላይ ደግሞ ወደቀ። «አሁንም ጣለው፤ ክብሪት ያላችሁ!» አልኩ። ሠርገኞቹ ሊያነሱት ጠጋ ሲሉ፣ «አትንኩት፣ ይጋባል» አልኩ። ይህን እኔ አልኩ። በወደቀ ቁጥር አልኩት፣ ሰው በተጠጋው ቁጥር አልኩት፤ ሕዝቡም እየተቀበለኝ ይል ጀመር።

የዘሃራ አጎት መሳቅ አቆሙ። ዞረው ሰይድን አዩት። «ይቀልዳል እኮ» ቢላቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሰይድ ግን አቀርቅሮ እጁን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ወጣ። እነሱም ተከትለው ወጡ። እኔ ምን አደረግሁ? ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተረጎምኩ።

በሳምንቱ የዘሃራ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ጥሎሹን መለሰ። እሷ አልቅሳ ለምና ነበር አሉ፤ ማን ሰማት? ለሌላ ሰው ዳሯት። ሰው ሰይድ የሠራለትን ወንበር ከቤቱ አውጥቶ ይጥል ጀመር፤ ምራቁ ነክቶት ይሆናል ብሎ። ልጆች በመንገድ ሲያዩት በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ዜማ «አትንኩት» ይሉታል። ወር ሳይሞላ መጋዙንና መዶሻውን ሰብስቦ ኩታበር ገባ። አልሸኘሁትም። ወዳጆቼ «ጨዋታ አይደል እንዴ፣ አንተ ምን አጠፋህ?» አሉኝ፤ እኔም ያንን ይዤ ኖርኩ። እናንተም ይህን ልትሉኝ አስባችሁ ከሆነ ተዉት። ልጅነት ነው እንዳትሉኝም፤ ሠላሳ ዓመቴ ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ ሰው ፊልሙን በስልኩ ማየት ጀመረ። አሁን ሥራዬ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኜ ማስታወቂያ መናገር ነው። ባለፈው መስከረም በገበያ ቀን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጥሏት ወደቀች። ሰው ከበባት እንጂ የነካት የለም። በዚያ ፊልም ዘመን ጡት ያልጣለ አንድ ጎረምሳ «አትንኳት፣ ይጋባል» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ዜማው የእኔው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔው አፋፍ ላይም አልቀረ፣ ተዋልዶ ጠበቀኝ። ጭንቅላቷ ድንጋይ ላይ እየተመታ እኔ ባጃጁ ላይ ሆኜ አየሁ። አልወረድኩም። ብወርድ፣ ብይዛት፣ «አንተ እንዴት ደፈርክ?» ይሉኝ ነበራ፤ ያኔ እንደዋሸሁ ልናገር ነዋ። ኋላ እህቷ ሮጣ ደርሳ አቀፈቻት። ግንባሯ ተፈንክቶ ነበር።

በሳምንቱ ኩታበር ሄድኩ። ሰይድ ዛሬም አናጺ ነው፤ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። ወንበር አቀረበልኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀኝ። እግሩ ላይ ወድቄ አፉ በለኝ አልኩት። ትከሻዬን ይዞ አነሳኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለራሴስ ድሮ አፉ ብዬሃለሁ፣ ወላሂ» አለ። «በሽታዬን ማውራትህንም ትቼዋለሁ። በሽታ ከአላህ ነው፤ አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም ነበር። ይጋባል ያልከው ግን ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑንም ታውቅ ነበር። በማይክ ነው ያልከው። በማይክ መልሰው።»

እሺ አልኩት። በእግዚአብሔር ስም ማልኩለት። አመነኝ፤ መናኸሪያ ድረስም ሸኘኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ገበያ ዋለ! በየገበያው ማይኩ እጄ ላይ ነው። ሳሙና አስተዋውቃለሁ፣ ጫማ አስተዋውቃለሁ፣ የጠፋ በሬ አስነግራለሁ። «ወገኖቼ» እላለሁ፤ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ያን ጊዜ «የልጆች ሹራብ ገብቷል» ብዬ አልፋለሁ። ምኑን ነው የምፈራው? ስሜን? የትኛውን ስም? ሰይድ በአንድ ከሰዓት እጮኛውንም ከተማውንም ሲያጣ ችሎ ኖሯል፤ እኔ የአንድ ጠዋት ሐፍረት አልችልም። ሽንኩርት ሻጯ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ይዛ በአጠገቤ ታልፋለች። ሰላም ትለኛለች። እኔም ሰላም እላታለሁ፣ ከእሷ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመውን ሰው ሁሉ እያየሁ።

ይህን የጻፍኩት መናገር ስላቃተኝ ነው። ጽፌ ስጨርስ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ትንሽ ቀሎኝም ከሆነ እርም ይሁንብኝ። ከእናንተ ይቅርታ አልፈልግም። ይህን ያነበበ ሰው «ተናዘዘ» ብሎም አይቁጠርልኝ። ሰይድ በማይክ አለ እንጂ በወረቀት አላለም።