አንድ ቀን የቀደመው በረራ

ከሜልቦርን አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ? ዱባይ ላይ ከሚጠበቀው ጋር አንድ ቀን ሙሉ ነው። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት «ዘነበች ታማለች፣ ነይ» ብሎ ደወለልኝ። እህቴን በሕይወት እንድደርስባት እያንዳንዷን ሰዓት እየቆጠርኩ መጣሁ። ቀደም ያለ በረራ ስላገኘሁ፣ ለማንም ሳልነግር ከቀጠሮው በአንድ ቀን ቀደምኩ። ቤቴል ስደርስ ሰፈሩ ተቀያይሮብኝ አንዲት መንገደኛ ሴት የዘነበችን ቤት ጠየቅኋት።

«የእትዬ ዘነበችን? ለቅሶ ሊደርሱ ነው እማማ?»

ጠጋ ብዬ አየኋት።

«አርባዋ እንኳ ወጥቷል። ነገ እህቷ ከውጭ ትገባለች፤ ማለዳ ልናረዳት ተቀጥረናል። እርስዎም ይምጡ፣ ትልቅ ሰው ያስፈልገናል።»

«እህቷ እኔ ነኝ» አልኳት።

በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ለነገ ነበር እኮ የተባልነው!»

ወንድሜንም፣ ሴትዮዋንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።