ሦስት ጊዜ የመለስሁት ጥገና

ሦስት ጊዜ «አይሠራም» ብዬ መለስሁባት። አራተኛ አልላከችም።

እርሷ ዳንግላ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ድሮ ያስተማርኋት እኔው ነኝ። እኔ ደግሞ ጡረታ ወጥቼ፣ እኩዮቼ ማኅበር ሲጠጡ፣ እንጅባራ ቤቴ ኮምፒውተር ፊት የተጎለትሁ ሽማግሌ ነኝ። የምንደክምለት የአዊኛና የአማርኛ የኮምፒውተር መዝገበ ቃላት ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት፣ ሠራተኛውም በነፃ። ፕሮግራም የሚጻፈው ተቆራርጦ ነው። ቁርጥራጩን በተራ ገጣጥሞ አንድ የሚሠራ ነገር የሚያወጣ የትእዛዝ ዝርዝር አለ፤ የእርሱ ጠባቂ እኔ ነበርሁ። በዚያ ሹመት ስኮራ ያየ ሰው ደጃዝማችነት የተሰጠኝ ይመስለው ነበር።

መዝገበ ቃላቱ አንድ ሕመም ነበረው፤ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ሲፈለግበት ይዘጋል። መድኃኒቱን አገኘሁ ብላ ላከችልኝ። ቸኩላለች፤ ለአንድ የፕሮግራም ሥልጠና ልታመለክት ነው፤ የሠራችው ጥገና በሚቀጥለው እትም መግባቱን ካላሳየች አይቀበሏትም። የምትወደውን ሥራ የምትሠራበት በር ያ ብቻ ነበር።

ቤቴ ኔትወርክ አይገባም። የላከችውን ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ አምጥቼ፣ አስገብቼ፣ አገጣጥሜ ስከፍተው ያው ይዘጋል። እኔ ጋ ይሠራል ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሬን ይዤ ልምጣ አለች፤ አያስፈልግም አልሁ። በሦስተኛው ላይማ የመምህርነት አመሌ ተነሣብኝና፣ ከጎረቤት ገልብጠሽ እንዳይሆን ብዬ ጻፍሁላት። ቀልድ መሆኑ ነበር። እኔ ስቄበታለሁ።

ማመልከቻው ከተዘጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እስቲ ራሴ ልሞክረው ብዬ ሌላ ጥገና ጻፍሁ። አልሠራም። ሌላም ጻፍሁ፤ ያው ነው። ተናድጄ የመክፈቻውን ሰላምታ ሰረዝሁና «ይህን የሠራው ሽማግሌ ደደብ ነው» ብዬ ጽፌ አገጣጠምሁ። ስከፍተው «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ስድቤን እንኳ አልተቀበለኝም።

ያኔ ነው የፋይሎቹን ቀን ያየሁት። የኮምፒውተሬን ዘመን የሞላሁት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ለፈረንጅ ብዬ ዓመቴን አልቀይርም ብዬ። ስለዚህ ማሽኔ ከዓለም ሰባት ዓመት ወደኋላ ነበር። ዝርዝሩ ደግሞ፣ ጊዜ ለመቆጠብ፣ የፋይሎቹን ቀን እያየ እንደገና የሚሠራው ከተገጣጠመ በኋላ የተነካውን ቁራጭ ብቻ ነው። ድሮ ሁሉንም እዚሁ ስለምሠራው ሁሉም እኩል ወደኋላ ቀርቶ ይስማማ ነበር። እርሷ ጥገናውን ከመላኳ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን የፕሮግራሙ መሥራች፣ ባሕር ማዶ ያለ ደግ ሰው፣ ለአሮጌ ማሽኔ አዝኖ ግማሹን ገጣጥሞ ልኮልኝ ነበር። የእርሱ በፈረንጅ ዘመን፣ በእጄ ያስገባሁት የእርሷ ጥገና በእኛ ዘመን። ዝርዝሩ ሲያየው የእርሷ ሰባት ዓመት ያረጀ ነው፤ ዘልሎት ያልፋል። እንግዲህ ጥገናዋን አንድም ቀን አልሞከርሁትም ማለት ነው። ዘመኑን አስተካክዬ ባስገባው በመጀመሪያው ሠራ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድሁ፤ ከመናኸሪያው በጋሪ ትምህርት ቤቷ ሄድሁ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ደብተር ስታርም አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኋት። ለፈረንጅ ብዬ ዓመቴን አልቀይርም ያልሁት ላይ ስደርስ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም። በሚቀጥለው እትም ስምሽ ይወጣል አልኋት።

«ለምኑ ነው መምህር?» አለች። ቀዩን እስክሪብቶ ከደነችው። «ኮዱን ጠረጠርሁ፣ ኮምፒውተሬን ጠረጠርሁ፣ በመጨረሻ ጭንቅላቴን ጠረጠርሁ። እርስዎን ግን አንድ ቀን አልጠረጠርሁም።»

ደወል ተደወለ፤ ክፍል አለኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብላ ተነሣች። ይቅርታውን እንኳ ቀደመችኝ።

እትሙ ከነስሟ ወጣ። ዝርዝሩ ላይም አንድ መስመር ጨመርሁ፤ የኮምፒውተሩ ዘመን ወደኋላ ከሆነ ሥራውን አቁሞ «አንተ ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ቀንህን እይ» ይላል። ከእኔ በቀር የሚሰደብበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁንም ኢንተርኔት ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው የእርሷን ደብዳቤ ነው። ከማላውቀው አገር ጥገና ይመጣል፤ ቀኑን ሁለቴ አይቼ አስገባለሁ። ከዳንግላ የመጣ የለም።