ከቴፑ ላይ የተቆረጠችው ዘፋኝ

በሬዲዮ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራው ሰውዬ ሥራው አንድ ነበር፤ የሰው ሳል መቁረጥ። ሳል፣ ትንፋሽ፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ የባለሥልጣን ማዛጋት፣ ሁሉንም በምላጭ ከቴፑ ላይ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በፕላስተር ያጣብቃል። ቁርጥራጩን ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፤ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊትም ቅርጫቱን ይደፋል። ባልደረቦቹ "ምላጭ" ይሉታል። ጡረታ ሲወጣ ያንን አሮጌ የቴፕ ማጫወቻ ለምኖ ወሰደ። ሌላ ምን ይውሰድ?

ታናሽ እህቱ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ፓንክ ሮክ ዘፋኝ ነበረች። "ዝገት" ነበር የሚሏት። በየምድር ቤቱ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮሃለች፣ ሰው ትሰድባለች፣ ሰዉም ይሰድባታል፣ ይዋደዳሉ። እሱ አንድም ቀን ሄዶ አላያትም። ያፍርባት ነበር፤ ምን ይደበቃል! ሳንባዋ አልቆ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ስትሞት ግን ወገቡ ተቆረጠ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የተረፈው የመጨረሻው ዝግጅቷ የተቀዳበት አንድ ቴፕ ብቻ ነበር።

የባንዷ ድራመር መጣ። "ጋሼ፣ ቴፑን ይስጡኝ። አልበም እናሳትምላት፣ ስሟ አይጥፋ። እንደ ወረደ ይውጣ።"

"እንደ ወረደማ አይሆንም! እህቴን ፊቷን ሳላጥብ አደባባይ አላወጣትም።"

ሦስት ሳምንት ሠራ። ሌላ ማጫወቻ ስለሌለው ቅጂ አላስቀረም፤ ደግሞስ ምላጭ መቼ ተሳስቶ ያውቃል? ያላለቀሰላትን ሁሉ እጁ አለቀሰላት ማለት ይቻላል። በየማታው ቅርጫቱን ደፋ።

ሲጨርስ ድራመሩን ጠርቶ በኩራት አሰማው። ድራመሩ ሁለት ዘፈን ሰማና ቀና አለ።

"ይቺ ማን ናት?"

"እንዴት ማን ናት? እህቴ ነቻ!"

"ማይኩ የሞተበትስ? ሰዉ ወለሉን እየረገጠ እሷ በባዶ ጉሮሮዋ የዘፈነችበት?"

"እሱማ ዘፈን አይደለም፣ ጫጫታ ነው። አወጣሁት።"

"የት አስቀመጡት?"

"ደፋሁት። የቆሻሻ መኪናው ወስዶታል።"

ድራመሩ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። "ጋሼ፣ እኛ እኮ የነበረን ጫጫታው ነው" አለ። ኮቱን አንስቶ ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ፤ ስለ አልበሙም ዳግመኛ አልተነሳም።

አብራው የምትኖረው እናቱ ንግግራቸውን አልሰማችም፣ ጓዳ ነበረች። ማጫወቻው ሲናገር ሰምታ ግድግዳ እየተደገፈች መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ እኔን የጠራችበትን ክፈትልኝ እስቲ።"

"የቱን እማ?"

"እኔ ላያት የሄድኩ ዕለት የተቀዳው አይደል? በሁለት ዘፈን መሃል ሳል አፈናትና፣ ሲለቃት 'እማ መጥታለች፣ ዛሬ እንኳን ጨዋ ሁኑ!' ብላ ሰዉን በሳቅ ገደለችው። እኔ መዝሙርም ዘፈንም አልልህም፣ እሷን ብቻ።"

ያስታውሰዋል። በሁለተኛው ቀን ነው የቆረጠው፤ አሥራ አንድ ሰከንድ፣ ሳልና ወሬ። ማንን እንደምትጠራ እንኳ ልብ ብሎ አልሰማም።

ቴፑን ወደ ኋላ መልሶ ከመጀመሪያው ከፈተላት። እናቱ "ተባረክ" አለችና ጆሮዋን አስጠግታ መጠበቅ ጀመረች።