በላሚኔት ጦስ ከደራ እስከ ቆቃ

ሐሙስ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከአዳማ ወደ ደራ የተነሳሁት አንድ ወረቀት ፍለጋ ነው። ልጄ ሂክማ ቱርክ አገር ሕክምና ለመማር አመልክታ ከመጨረሻዎቹ እጩዎች ውስጥ ገብታለች። የቀራት የዘጠነኛና የአስረኛ ክፍል ውጤቷን በመንግሥት ማህተም አስረጋግጣ እስከ አርብ ማታ መላክ ነው። አርብ ማለት ነገ ነው። አዲስ አበባ ማህተም የሚመታበት መስሪያ ቤት ለነገ ጠዋት ቀጥሯታል። ወረቀቱ ግን የለም። የጠፋውም በእኔ ምክንያት ነው።

አንድ ክረምት ጣሪያችን አፍስሶ የቤታችንን ካርታ ካበላሸብኝ ወዲህ ወረቀት ሁሉ ያሳስበኛል። ስለዚህ የሂክማን ማስረጃዎች፣ ከክትባት ካርዷ ጀምሮ፣ በሙሉ ላሚኔት አስደረግኳቸው። ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት ውሃ አይነካው፣ ምስጥ አይበላው። ጎረቤቶቼም እንዲሁ ያደርጋሉ። ባለፈው ሰኞ ግን ማህተም የሚመታበት መስሪያ ቤት መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ሂክማን፣ "ፕላስቲክ ላይ ማህተም አይመታም፤ ከትምህርት ቤትሽ አዲስ ኦርጅናል አጽፈሽ ነይ" ብላ መለሰቻት። እኔም ይባስ ብዬ በምላጭ ልልጠው ስሞክር የልጄ ጉርድ ፎቶ ከፕላስቲኩ ጋር ተላጠ። ፊት የሌላት ተማሪ አደረግኳት።

የአስራ አንደኛንና የአስራ ሁለተኛን የአዳማው ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ተካልን። ዘጠኝና አስርን የተማረችው ግን ደራ ነው፤ ያኔ እዚያ የጨርቅ ሱቅ ነበረን። ሂክማ ዛሬ በኮምፒውተር ቃለ መጠይቅ አለባት። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ያበላሸሁት እኔ፣ የምሄደውም እኔ።

አንድ ሰዓት፣ መናኸሪያ

የሚኒባሱ ረዳት፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ "ደራ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። ገብቼ ብቆጥር ስድስት ወንበር ባዶ ነው።

"ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ወንበር የአንድ ሰው ነው?"

"እናት፣ ሰውየው ወፍራም ነው።"

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ወፍራሙን ሰውዬ አርባ ደቂቃ ጠበቅነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጥሩ ነበር። መልካሳ ላይ ፓፓያ የደረደሩ ሴቶች ወደ መስኮቱ ሮጡ፤ አዋሽን ተሻገርን፤ ቀጥሎ ሽንኩርት ማሳ፣ ከዚያ የጤፍ ገለባ ክምር። ሌላ ቀን ቢሆን አይቼ እደሰት ነበር። ዛሬ የማየው የስልኬን ሰዓት ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት፣ ደራ

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ቱፋ ገና ከሩቅ አወቁኝ። "አካም ቡልቴ፣ የሂክማ እናት! ሱቁን ዘግተሽ ጠፋሽ እኮ!" እያሉ እስከ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሸኙኝ። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ጫልቱ የልጆቿን የዩኒፎርም ጨርቅ ከእኔ ትገዛ ነበር። ነገሬን ሰምታ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች።

"እትዬ ዘሀራ፣ ፎርሙ አለ፣ ማህተሙ አለ፣ እኔም አለሁ። የውጤት መዝገቡ ያለበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ግን መዝገብ ያዡ፣ አቶ ገመዳ ጋር ነው።"

"እሱስ የት ነው?"

"አማቱ ሞተው ቆቃ ለቅሶ ላይ ነው። ስልኩ ዝግ ነው።"

"ትርፍ ቁልፍ የለም?"

"አለ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው።"

"ውስጥ?"

"እንዳይጠፋ ብሎ ነው።"

ሳቄ መጣና ዋጥኩት። ወረቀት እንዳይበላሽ ብላ ያበላሸች ሴት በማን ትስቃለች?

"ብንሰብረውስ?"

"የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለመስበር የንብረት ኮሚቴው መወሰን አለበት።"

"ኮሚቴው ይሰብሰባ!"

"ጸሐፊው አቶ ገመዳ ነው።"

ወንበሩ ላይ ተዘርፍጬ ቀረሁ። ጫልቱ ውሃ ሰጠችኝና፣ "እስከ አስራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነኝ፤ ቁልፉን ይዘው ከደረሱ እጽፍልዎታለሁ" አለችኝ። ተነሳሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ቆቃ

ከደራ አዳማ፣ ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ ቆቃ። ሦስት መኪና፣ ሦስት ረዳት፣ ሦስቱም "አንድ ሰው የቀረው" ይላሉ። ቆቃ ላይ ባጃጅ ይዤ ወደ ለቅሶው አልኩት። ባለባጃጁ ሳይጠይቀኝ አሳ በሚሸጡት መሃል አልፎ ድንኳን በር ላይ አወረደኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ለቅሶ ቤት ገብቶ "ቁልፍ ስጡኝ" ይባላል? እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ተገብቶ የሚሆነውን አውቃለሁ። ሻሼን አስተካክዬ፣ "አላህ ያጽናችሁ" ብዬ ሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያሉት አሮጊት ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"ከየት ነው የመጣሽው ልጄ?"

"ከደራ።"

"ከደራ ድረስ!" ብለው ጮኹ። "ውይ ውዴ! ከደራ ድረስ መጡልሽ!"

በርዶ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። እኔም አለቀስኩ። ማስመሰል አልነበረም። የማላውቃቸውን ሴትዮ ልጆች ሳይ፣ ሂክማ ሰው አገር ሆና እኔ ብሞት ማን ከየት ይመጣላታል የሚለው መጣብኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ነገ ወረቀቱ ባይደርስና በእኔ ጦስ ብትቀርስ የሚለው መጣ። የትኛው እንዳስለቀሰኝ እስካሁን አላውቅም።

ንፍሮ በእጄ ሰጡኝ። ዘግኜ ቀመስኩ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል አንድ ረጅም ሰው መጥቶ ፊቴ ጎንበስ አለ። አቶ ገመዳ ነው።

"እግዜር ይስጥልኝ። ከደራ ነው አሉኝ፤ ይቅርታ፣ ማን ልበል?"

በጆሮው ነገርኩት። እያወራሁ ፊቴ በእፍረት ጋለ። ስጨርስ ቀና አለ።

"ለቅሶ ቤት መጥቶ የቁም ሳጥን ቁልፍ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።"

"አውቃለሁ። ይቅር በለኝ።"

"ቁጭ ብለው አልቅሰው ነው ግን የጠየቁት።" ከአንገቱ በክር የታሰረ ቁልፍ አወጣ። "አማቴ የተማረ ሰው ይወዱ ነበር። ይውሰዱት። ብቻ ለጫልቱ ይንገሩልኝ፤ መዝገቡን እንዳታዘበራርቅብኝ።"

አስር ሰዓት ከሃምሳ፣ እንደገና ደራ

የሞጆ መግቢያ በከባድ መኪና ተዘግቶ ቆየን። ከአዳማ ስንወጣ መንገድ የሚያቋርጡ ከብቶች አቆሙን። የሾፌሩን ማጅራት እያየሁ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ጋሽ ቱፋ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር። ጫልቱ መዝገቡን አውጥታ በእጇ እየጻፈች ውጤቱን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ እስከ አምስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ቁጥሩን አስተያየሁ፤ ትክክል ነው። ይዤ የመጣሁትን አዲስ ጉርድ ፎቶ ለጠፈች፣ ማህተሙን መታች። ቁልፉን ሳስረክባት ጋሽ ቱፋ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩልኝ።

"ደግ ነው። እንዳይበላሽብሽ ከፊት ለፊት ላሚኔት የሚያደርግ ሱቅ ተከፍቷል።"

"ጋሽ ቱፋ፣ በአላህ! ይህችን ቃል አይጥሩብኝ!"

መመለሻው ላይ ዝናብ ጣለ። የሚኒባሱ መስኮት አይዘጋም፤ የማህተሙ ቀለም ገና አልደረቀም፤ ማጠፍም መሸፈንም አልችል፣ ወረቀቱን በሁለት መዳፌ እንደ ትሪ ይዤዋለሁ። ረዳቱ የጠዋቱ ሰው ነው። አየኝና ከሾፌሩ ኋላ፣ ዝናብ የማይደርስበትን ባዶ ወንበር መታ መታ አደረገው።

"እናት፣ ወፍራሙ ሰውዬ ቀርቷል። እሱ ቦታ ላይ ያስተኙት።"

ያን ጊዜ ሳቅኩ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት

ሂክማ ቃለ መጠይቁን ጨርሳ በር ላይ ቆማለች። ወረቀቱን ተቀብላ አንድ የዝናብ ጠብታ ጥግ ላይ አየች። "ምንም አይደል እማዬ፤ ማህተሙ ይነበባል" አለችኝ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ወረቀት የተጻፈው ሰው እጅ እንዲገባ ነው። እኔ ማንም እንዳይነካው አድርጌ ስጠብቀው ማንም ሊያጸድቀው አልቻለም። ልጄም ከነገ ጀምሮ እኔ በሌለሁበት ብዙ መስኮት ፊት ትቆማለች፤ ያንን በምንም ነገር ልሸፍነው አልችልም።

ለነገ ልብሷን እያዘጋጀች ጠየቀችኝ። "እማዬ፣ በምን ልያዘው?"

ቁም ሳጥናችን ውስጥ ፕላስቲክ ከረጢት እንዳለ አውቃለሁ። እጄ ወደዚያ ሲሄድ ያዝኩት።

"በእጅሽ" አልኳት።