መኪና የጠጣው ባሕር

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያንን ዘመን ያስታወሰኝ ባለፈው ጥቅምት ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ዳገት ላይ ያቆመን ሚኒባስ ነው። ራዲያተሩ ፈላና ረዳቱ ወርዶ መክደኛውን ሲከፍት እንፋሎቱ ሊልጠው ደረሰ። ወደ ኋላ ዘሎ፣ ውሃ የያዛችሁ እስቲ ተባበሩን አለ። ተሳፋሪው ሁሉ የላስቲክ ጠርሙሱን በመስኮት ማቀበል ጀመረ። እኔ ግን የራሴን ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤ ብቻዬን እስቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አስተማሪ ዞር ብሎ አየኝና፣

"እማማ፣ ጸበል ነው እንዴ የያዙት?" አለኝ።

ተራ ውሃ ነበር። አቀበልኩት። ከዚያ መኪናው እስኪበርድ ድረስ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ይህን ነገር አጫወትኩት።

ያን ጊዜ መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ዳር ላይ ሰው "የፈረንጆቹ ክሊኒክ" የሚላት ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ሲስተር ኢንገር ታክማለች፤ ባሏ ሚስተር ኦላ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሁለቱም ሚስዮናውያን ነበሩ። አገሩ ግን የቄስና የደብተራ አገር ነውና፣ ሲመጡ ሽማግሌዎቹ ሕክምናችሁን እንወዳለን፣ ስብከታችሁን ለራሳችሁ አድርጉት ብለዋቸው ነበር። እነሱም ቃላቸውን ጠብቀው፣ እሑድ እሑድ በራቸውን ዘግተው ለራሳቸው ይዘምሩ ነበር። እኔ የሁለት ዓመት ልጃቸውን ሊሴን እጠብቃለሁ። ከሥራዬ ሁሉ ደስ የሚለኝ ሊሴ ስትተኛ ሲስተር ኢንገር ፋሻ እንድጠቀልል፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳነብ ስትፈቅድልኝ ነበር። ማንበቡን ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ተማሪዎቻቸውን ፊደል ሲያስቆጥሩ ከግድግዳው ኋላ ገብስ እየለቀምኩ ሰምቼ ነው የያዝኩት።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ድምፃቸው እንደ ወጣት ነው፤ ዓይናቸው ግን ከዳቸው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ብሌናቸውን ይወጋቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጅ ፀሐይ ላይ ራሳቸውን ጭኔ ላይ ያደርጉና በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅልላቸዋለሁ። በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል። ሲስተር ኢንገር ስንት ጊዜ ላከችባቸው። ቅባት አለ፣ የዓይን ቆብ የሚያቃና ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ፣ ሳይዘገይ ይምጡ አለች። አባቴ ወይ ፍንክች።

"የፈረንጅ ቅባት የነካው ዓይን ዳዊት አያነብም" ይሉ ነበር። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ "ከጠፋም ይጥፋ፤ በትሬን የምትይዢው አንቺ አለሽ። ያን ዕለት የፈረንጅ ልጅ ማዘሉ ይቀራል።"

በሳቅ ነበር የሚሉት። እኔን ግን አያስቀኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከዳዊታቸው አንድ ገጽ በስህተት ሁለቴ ሲያነቡ ሰምቼ፣ ፋሻና ጠርሙስ ያለበት ሕይወቴ ሊያልቅ መቃረቡን አወቅሁ።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኦላና ኢንገር ደሴ ከሚያገለግሉ ወዳጆቻቸው ጋር ገናቸውን አሰብ ባሕር ዳር ሊያሳልፉ ተነጋገሩ። የፈረንጅ ገና ከእኛ ስለሚቀድም ለነሱ በዓል፣ ለኔ ጾመ ነቢያት ነው። ሊሴን የሚይዝ ሰው አስፈለገና ጠየቁኝ። አባቴ እንደማይፈቅዱ እርግጠኛ ሆኜ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን፣ ባሕሩ ሙሴ በበትሩ የከፈለው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያው ቀይ ባሕር ነው አልኳቸው። ወዲያው እናቴን ጠርተው ጸበል መቅጃውን ቅል አስወረዱ።

"ሁለት ነገር ነው" አሉኝ። "አንደኛ ጾምሽን እንዳትሽሪ። ሁለተኛ ከዚያ ባሕር ቀድተሽ አምጪልኝ። እስራኤልን ያሻገረ ውሃ ለኔ ዓይን አያንስም። በዚህ ካልዳንኩ ግን በቃ፣ አንቺም ወደ ቤትሽ።"

እናቴ በሶና ቆሎ በአቁማዳ ቋጠረችልኝ።

የተነሣንበት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር። እንደዚያ ባለው ወራት ሚስተር ኦላ ማታ ማታ የመኪናውን ውሃ ከሥር ባለችው ቧንቧ ያፈሳል፣ በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው። ጠዋት ደግሞ ይሞላል። መኪናውን እንደ ላም ማለብ ነው እያልን እንስቅበት ነበር። ጣርማ በር ስንደርስ አቁሞ ቁልቁል አሳየን። ደመናው ቆላውን ሞልቶ፣ ጠፍጣፋና ነጭ ሆኖ፣ የተራራ ጫፍ ብቻ እንደ ደሴት ወጥቶበታል። ባሕሩ ይሄ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ኦላ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ደብረ ሲና ላይ የበግ ጠጉር ባናዬን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢዬን። ከዚያ ወዲያ የማወልቀው አልነበረኝም።

ደሴ ላይ ሚስተር ፔርና ሚስቱ ካሪን ተሳፈሩ። ፔር ግዙፍ፣ ሲስቅ መኪናው የሚነቃነቅ ሰው ነው፤ ከአማርኛ "እሺ"ን ብቻ ያውቃል። ካሪን ግን ወሎ ውስጥ ብዙ ኖራለችና በአማርኛ አፏን ስትፈታ የጉድ ነው። ከባቲ ወዲያ አገሩ ሌላ ሆነ፤ ግመል፣ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ ምድጃ አፍ የሚተነፍስ ነፋስ። በሦስተኛው ቀን አሰብ ስንገባ የአባቴ ቅል ከድርቀቱ ብዛት ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ኦላ አዘነልኝና ከመኪናው ጀሪካኖች አንዱን ባዶ አድርጎ ሰጠኝ። ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካውም አለ።

ባሕሩን ሳይ ቃል አጣሁ፤ ዛሬም አላገኘሁለትም። ከባሕሩ ይልቅ የገረመኝ ግን ጨው ነው። እኛ አገር አሞሌ በእንጨት ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። እዚያ እንደ ክምር ጭድ ሜዳ ላይ ተከምሮ፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ለእናቴ ስጦታ ብዬ ጥቂት በጨርቅ ቋጠርኩ። ያረፍነው ዳርቻው ላይ ባለች የወዳጃቸው ቤት ነበር። ፈረንጆቹ የመዋኛ ልብስ ለብሰው ብቅ ሲሉ እኔ ፊቴን ወደ ቤቱ አዙሬ፣ ውሃ ውስጥ እስኪገቡ ግድግዳውን ስመለከት ቆየሁ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ፣ አማትቤ፣ ከነቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እንደ ጸበል ሦስት ጊዜ ራሴ ላይ ሳፈስ ካሪን መሳቅ ጀመረች። ኦላ ግን ውሃ ውስጥ እንደቆመ ባርኔጣውን አወለቀ። ያንን አልረሳለትም።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጾም ስፈታ በሶዬን በባሕሩ ውሃ አሸሁት። ጨው በሶ ላይ መጨመር አያሻም፤ ተጨምሮ ነው የመጣው። ካሪን ይህን አይታ ሁሉንም ጠራቻቸውና እየተሽቀዳደሙ ቀመሱት። ፔር "እሺ፣ እሺ" እያለ ሦስት ጭብጥ በላ። በገናቸው ዕለት ካሪን ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልኝ።

"ዓሣ ሥጋ አይደለም፤ ስንት ቄስ ሲበላው አይቻለሁ" አለችኝ።

"ያ ቄስ አባቴን አያውቃቸውም" አልኳት። ዓሣውን እሾሁን እየለቀምኩ ሊሴን አበላኋት። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጎመጀሁት ነገር የለም።

በመጨረሻው ጠዋት ጀሪካኔን ሞልቼ፣ እንዳይደባለቅ ከነጠላዬ ጥለት ቀድጄ እጀታው ላይ አሰርኩ።

ወደ ባቲ ስንወጣ ዳገቱ ላይ መኪናው ፈላ። እኔ ሊሴን ይዤ ግራር ሥር ሄድኩ። ስመለስ ፔር በኩራት መክደኛውን እየገጠመ ነው። እጁ ላይ መክደኛው እንዳያቃጥለው የጠቀለለው ጨርቅ አለ። የኔ ጥለት ነበር፣ በዘይት ጠቁሮ። ኦላ የተለመደውን ውሃ ጨርሶ እርዳታ ፍለጋ መንገድ ዳር ወጥቶ ሳለ ነው ፔር የኔን ያገኘው። ጀሪካኑን አነሣሁት፤ ባዶ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ካሪን ነገሩን ስታስረዳው ያ ግዙፍ ሰው ቀይ ሆኖ፣ አጠገቤ ተንበርክኮ፣ በሚያውቃት አንድ ቃል ይቅርታ ይለምነኝ ጀመር። "እሺ? እሺ?" እያለ። በለቅሶዬ መሐል ሳቅ አመለጠኝ።

ካሪን መላ አላጣችም። "ባሕር ማለት ውሃና ጨው ነው" አለች። "ለስጦታ የያዝሽው ጨው አለሽ፤ ውሃ ኮምቦልቻ ሞልቷል። መንዝ ውስጥ ባሕር የቀመሰ ማን አለ?"

አደረግሁት። ኮምቦልቻ ቧንቧ ላይ ቀድቼ፣ ጨዉን አሟሟሁና ቀመስኩ፤ ቁርጥ ባሕሩ። ኦላ ቆሞ አየኝ። አባቴ ዘንድ ሄዶ እነሱ ያጠፉትን እንደሚናገር፣ የኔን ግን እኔ እንደማውቅ ብቻ ነገረኝ። ፔርና ካሪንን ደሴ አውርደን ቀጠልን። ከደብረ ሲና ሽቅብ ስንወጣ ጀሪካኑ እግሬ ሥር እየተንቦጫቦጨ ነው። አባቴ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ የጨው ውሃ ሳንጠባጥብላቸው አሜን ሲሉ ታየኝ። ጣርማ በር ላይ አስቆምኩና መንገዱ ዳር ደፋሁት።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ለእኛ ገና ሁለት ቀን ቀርቶታል። አባቴ በትራቸውን ይዘው ክሊኒኩ በር ላይ ቆመዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ሳልል፣

"ውሃው የታለ?" አሉኝ።

"አባባ፣ መኪናው ጠጣው።"

"መኪና ባሕር ጠጣ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጨውና ቧንቧውንም ሳልደብቅ። ኦላ ባርኔጣውን ይዞ ጥፋቱ የኛ ነው አላቸው። አባቴ እሱን አልሰሙትም፤ ጆሯቸውን ወደ መኪናው አዘንብለዋል።

"ታዲያ አሁን ሆዱ ውስጥ ነው ያለው?"

ኦላ መንገድ ላይ ሌላ ውሃ እንደጨመረበት፣ ግን ጥቂት ሳይቀር እንደማይቀር አስረዳቸው። ለውርጩም ሊያፈሰው ነበር።

"ጸበል በጠብታ ነው" አሉ አባቴ። "ክፈትልኝ።"

ኦላ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ቧንቧውን ከፈተ። እኔ ሳፋ ደቀንኩ። የወረደው ውሃ እንደ ጭቃ ቀይ ነበር። አባቴ ጎንበስ ብለው አሸተቱትና ለምን ቀላ ብለው ጠየቁ። ዝገት ነው አላቸው ኦላ።

"የፈርዖን ሠረገላ ነዋ" አሉ። "እዚያው ሰጥሞ አይደል የቀረው።"

ፊታቸው ላይ አንዳች ፈገግታ የለም። ቀድማ የሳቀችው ሲስተር ኢንገር ናት፤ ከዚያ ኦላ ከመኪናው ሥር ሆኖ፤ በመጨረሻ አባቴ ራሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ተንቀጠቀጡ። ሳቃቸው ሳያልቅ ግን እጃቸውን ሳፋው ውስጥ ከተው ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ኢንገር የእጃቸውን አንጓ ያዘች። መሪጌታን እንደዚያ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም።

"ይህ ዘይት አለበት፤ የቀረውን ዓይን ያጠፋል" አለች። "እባክዎ፣ እግርዎ ሥር እወድቃለሁ።"

አባቴ እጃቸውን አላስለቀቁም፤ ውሃው በጣታቸው መሐል ፈሰሰ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ጾምሽን?"

"አልሻርኩም አባባ። ዓሣም አልቀመስኩም።"

"ጨዉንስ ለምን ደፋሽው? ባትነግሪኝ በምን አውቅ ነበር?"

"እርስዎ አሜን ሊሉበት ነው።"

ከዚያ ለኢንገር፣ "ልጄን ከነጾሟ መለሳችሁልኝ፤ ውሸትም አላስተማራችኋትም" አሏት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቀዩን ውሃ በጠርሙስ አስቀድተው ይዘውት ሄዱ።

ሚኒባሱ በርዶ ረዳቱ ግቡ ግቡ ይለናል። ወጣቱ አስተማሪ ግን ካልጨረስኩለት አልነሣም አለ። ውሃውን ምን አደረጉት አለኝ። ጎተራው ላይ ሰቀሉት፤ እስኪሞቱም አልከፈቱት። ዛሬ ሳስበው አባቴን ያሸነፋቸው ባሕሩም ሳቁም አይመስለኝም። እምነታቸውን የማይጋሩ ሰዎች እምነታቸውን ሳይነኩ ልጃቸውን መመለሳቸው ነው። እኔም በዚያው ክሊኒክ ፋሻ እየጠቀለልኩ አርጅቻለሁ።

ከገና በኋላ ባለው ሰኞ አባቴ ከኔ ቀድመው ተነሡ። ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው ክሊኒኩ ድረስ አብረን ሄድን። አግዳሚው ላይ ተራቸውን ጠብቀው ተቀመጡ። ሲስተር ኢንገር ስማቸውን ስትጠራ በትራቸውን ለኔ ሰጡኝና ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ብቻቸውን ገቡ።