ንቅሳቱ እድፍ መስሎት

አምቦ ላይ አሮጌ ፎቶ የሚያድሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ክረምት ከበጋ ከረባታቸውን አስረው፣ አፍንጫቸው ኮምፒውተሩን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ሸዋገነት የእናቷን ጉርድ ፎቶ ለሙት ዓመቷ ልታስጎላ ከጊንጪ ይዛ የመጣች ዕለት፣ የሚሠሩበት ፕሮግራም አፕዴት ከተደረገ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

«አዲሱ ፊትን በአንድ ንክኪ ያጠራል አሉ፤ እስቲ እንየው» ብለው ተጫኑት።

የእናቷ ፊት እንደ ሕፃን ለሰለሰ። የግንባሯ መስመር ሁሉ፣ አንገቷን የከበበው ንቅሳት ሳይቀር፣ ድራሹ ጠፋ።

«ውይ ጋሼ! ይቺ ደግሞ የማን እናት ናት?» አለች ሸዋገነት ደንግጣ። ከዚያች ጉርድ ሌላ የእናቷ ፎቶ የላትም።

«አይዞሽ ልጄ፣ ዋናው አልተነካም። ንቅሳቱ እድፍ መስሎት ነው። ይኼ በተሠራበት አገር ሴቶቹ አይነቀሱ ይሆናል!» ብለው ሳቁና ፎቶውን እንደነበረ መለሱት።

ከዚያ የወረቀቱን እጥፋት እያጸዱ፣ የደበዘዘውን ንቅሳት ነጥብ በነጥብ በእጃቸው ያጎሉት ጀመር። አንዷን ነጥብ ብቻ ሦስት ጊዜ አጥፍተው ሣሏት።

«ያውቋት ነበር እንዴ ጋሼ?»

«የት አውቄያት! የኔዋ እናት ፎቶ ሳትነሳ ነው የሞተችው። እኔ ያኔ ካሜራ አንግቼ ከሠርግ ሠርግ እዞር ነበር።» ከኮምፒውተሩ ቀና አሉ። «የሰው እናት ግን እኔ እጅ ገብታ ጠፍታ አታውቅም!»