ያልተቀደደው ሸሚዝ

የምንሠራበት የስፌት ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያው ቀጥሎ ያለ ረጅም ቤት ነው። ስድስት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛና ዓመቱን ሙሉ የሚያፈስ ጣሪያ አለው። ዓመቱን ሙሉ እንኳ አይደለም፤ ሲዘንብ ብቻ ነው። ሳወራ ትንሽ ጨመር ማድረግ እወዳለሁ፣ ይህንን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ቀጭኔ የምናገረው ላይ ግን የጨመርኩት የለም።

ሥራችን የፖሊሶች ልብስ ነው። ቁልፍ እንተክላለን፣ ሱሪ እናሳጥራለን፣ ወገብ እናሰፋለን። ሹመት መጀመሪያ የሚታየው ትከሻ ላይ ሳይሆን ወገብ ላይ ስለሆነ፣ ማን እንደሚሾም ከማስታወቂያው ቀድመን የምናውቀው እኛ ነን።

ቀጭኔ ስሟ አይደለም፤ አንገቷ ረጅም ስለሆነ እኛው ያወጣንላት ነው። ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው የምላት፤ በዕድሜም በሙያም ታላቄ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር ካለው መኪና አልተነሳችም። የተቀደደ ልብስ ሲመጣላት እንደኛ እራፊ አትለጥፍም። ከዚያው ልብስ፣ ከማይታይ ቦታ፣ ክር በክር እየመዘዘች ታወጣና ቀዳዳውን በመርፌ እንደገና ትሸምነዋለች። ስትጨርስ ባለቤቱ ራሱ የተቀደደበትን ቦታ ፈልጎ አያገኘውም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ግማሹን እንኳ አልቻልኩትም።

እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ባል አላገባችም፤ ሲጠይቋት «ጊዜ መች ኖረኝ» ትላለች። ወንድሟ አርባ አንድ ዓመት የሞላው፣ ግንባሩ የተገለጠ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ለእሷ ግን ማሙሽ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ሲቀልድባት «እትዬ፣ ጣቢያ ገብቶ ማታ በሰላም የሚወጣ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» ይላት ነበር።

ያን ቀን መነጽሯን ቤት ረስታ መጣች። ስልክ ደወለችለት። «መንገዴ ነው፣ በር ላይ ትቼልሽ አልፋለሁ» አላት። እኔም ሰምቻለሁ፤ ስልኳ ከሩቅ የሚሰማ ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ስድስቱም መኪና ሥራ ጀመረ። ስድስት መኪና አንድ ላይ ሲሠራ ቤቱ ቢፈርስ አይሰማም። የጣቢያው በር ከእኛ መስኮት ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በኋላ ለክቼዋለሁ።

ረፋዱ ላይ አንድ ጥበቃ ሸሚዝ ይዞ ገባ።

«የሳጅኑ ነው፤ የበር እጀታ ይዞት ነው። ከሰዓት እንግዳ ስላለ ቶሎ ይፈለጋል» አለ።

ሳጅኑ የዋናው በር ኃላፊ ነበር። ሸሚዙ ከደረት ኪሱ ጀምሮ ወደ ታች ተተርትሯል፤ የኪሱ አንድ ጥግ ተንጠልጥሏል። ቀጭኔ ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አርቃ አየችው፤ አልሆነላትም።

«እስቲ መነጽርሽን» አለችኝ።

ሰጠኋት። እኔ ደግሞ ያለ መነጽር መርፌ ቀዳዳ ስለማይታየኝ ሥራ ፈታሁ፤ አጠገቧ ቆሜ ጨርቁን ወጥሬ ያዝኩላት። ቅዳዱን በቅርብ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። አፌ አያርፍም፣ «እትዬ፣ ይሄ የበር እጀታ ሥራ አይደለም። ይሄስ አንቀው ሲይዙት የተቀደደ ነው፤ ሚስቱ ትሆናለች» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጥበቃው ግን አልሳቀም፣ ልብ አላልነውም።

ሱሪ ውስጥ ከሚገባው የሸሚዙ የታች እጥፋት ክር መዘዘች፤ አራት ጣት ያህል ቦታ አሳሳችው። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀና ሳትል ሠራች። ስትጨርስ እኔ ተኮስኩት። ጣቴን ሄድ መለስ አድርጌ ፈለግሁት፣ አጣሁት። «እጅሽ ይባረክ» አልኳት። ሸሚዙን ወሰዱት።

ለምሳ ስንወጣ በር ላይ የማሙሽ የመሣሪያ ቦርሳ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። «ማሙሽ መጥቶ ነበር እንዴ?» ብላ ጥበቃዎቹን ጠየቀች። አንዱ ጫማውን አየ፤ አንዱ ሰማዩን። ሦስተኛው «ሐኪም ቤት ወስደውታል» አለ። ስትደርስ በሕይወት ነበር፤ አላወቃትም። ከሰዓት በኋላ አረፈ። ልብሱን በፌስታል ሲሰጧት መነጽሯም ውስጡ ነበር፣ አንዱ መስታወቱ ተሰንጥቆ።

የጣቢያው ሪፖርት ግማሽ ገጽ ናት። መኪና የማይቆምበት ቦታ ሞተር ብስክሌት አቁሞ «አንሳ» ሲባል ተሳደበ፤ ሲመለስ አደናቅፎት ወደቀ፤ ጭንቅላቱን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መታው፤ ማንም አልነካውም። የበሩ ካሜራ በዚያ ሳምንት ተበላሽቶ ነበር። እንደ አጋጣሚ ሆኖ በቀጣዩ ሳምንት ተሠራ።

ከበሩ ፊት ለፊት ጋዜጣ የምትሸጥ ሴት ናት ለቀጭኔ እውነቱን የነገረቻት፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ዞር ብላ። ሳጅኑ ማሙሽን አንገቱን ይዞ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ሲጎትተው፣ ማሙሽ የሳጅኑን ደረት ጨምድዶ ይዞ ነበር። በዱላ ጭንቅላቱን ሲመታው የሸሚዙን ኪስ እንደያዘ ወደቀ። ጋዜጣ ሻጯ በኋላ ለምስክርነት ስትጠራ «ደንበኛ ይዤ ስለነበር በደንብ አላየሁም» አለች። ረገምኳት። ያኔ ሰው መርገም ይቀናኝ ነበር።

ቀጭኔ በስምንተኛው ቀን ሥራ ገባች። መኪናዋን በጨርቅ ወለወለች፣ ክር አስገባች፣ ከዚያ መቀስ እንደሚጠይቅ ሰው ሆና፣ «ያ ሸሚዝ ማሙሽ የቀደደው ነው» አለችኝ።

ጮኼ አለቀስኩ። እሷ የእጅጌ ቁልፍ ትተክል ነበር፤ ተክላ ጨረሰች።

ከዚያ በኋላ እኔን ማን ይቻለኝ! «ክሰሺ! ተናገሪ! ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ ብሆን ጣቢያውን እላዩ ላይ አፈርሰው ነበር!» በቀን አሥር ጊዜ «እኔ ብሆን» እል ነበር። እሷ ቀስ ብላ ማመልከቻዋን ጻፈች፣ አስገባች፣ ሥራዋን ቀጠለች። ሳጅኑ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ «እንዴት አደርሽ» ይላታል፤ «ደህና» ትለዋለች። ምሳዋን ትበላለች። የሳጅኑ ሱሪ ለማሳጠር ሲመጣ ታሳጥራለች። እኔ ግን «እንዴት ትነኪዋለሽ?» አልኳት።

«ጨርቁ ምን አደረገ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ትዕግሥት መሰለኝ። ትዕግሥት አልነበረም። አንድ ቀን ካውያው እጇ ላይ ሲያርፍባት እጇን የሳበችው ሽታው ከሸተተን በኋላ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ የቅሬታ አጣሪ ኮሚቴው ለሕዝብ ክፍት በሆነ አዳራሽ ተሰየመ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ሴት፣ አንድ አዛውንትና ጸሐፊው። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሸሚዙ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል፤ ጣቢያው ራሱ ነው ያቀረበው፣ ደረቱን ነፍቶ። ሳጅኑ ተነስቶ «የዚያን ቀን የለበስኩት ይኸው። ተቀዶ አያውቅም። ማንም አልያዘኝም፣ እኔም ማንንም አልያዝኩም» አለ።

ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዛውንቱ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናው፣ ገለበጠው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«የቱ ጋ ነው የተቀደደው?» አለች ሰብሳቢዋ።

ቀጭኔ ሄዳ በጣቷ አሳየቻት።

«ምንም አይታይም እኮ።»

«እንዳይታይ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ቀጭኔ «መርፌ ስጡኝና ልፍታው፤ ስፈታው ታዩታላችሁ» አለች። የጣቢያው ጠበቃ ብድግ ብሎ፣ «ክብርት ሰብሳቢ፣ ምስክሯ ማስረጃውን እዚሁ ፊታችን ልቅደደው እያሉ ነው!» አለ። ተከለከለች። «እንግዲያው የታችኛውን እጥፋት እዩት፤ ክር የመዘዝኩበት ሳስቷል» አለች። አዩት። «ልብስ ሲያረጅ ይሳሳል» አለ አዛውንቱ፣ ለክፋት አይመስለኝም።

«ሲሰፉት ያየ ሌላ ሰው ነበር?» ብላ ሰብሳቢዋ ጠየቀቻት።

ይህንን ጥያቄ ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ! አለሁ፣ እኔ አይቻለሁ፣ ጨርቁን የወጠርኩት እኔ ነኝ፣ መነጽሩ የእኔ ነው። መነሳት ብቻ ነበር የቀረኝ። አልተነሳሁም። ቀጭኔ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ተመለከተች። ዓይኗን ብዙ አላቆየችብኝም።

«አልነበረም። ስፌት ቤት ሁሉም የየራሱን ሥራ ነው የሚያየው» አለች።

ተነፈስኩ። ደስ አለኝ። ሌላ ቃል ብፈልግለት ውሸት ይሆናል፤ ደስ ነው ያለኝ። ኮሚቴው «የባለሙያ አስተያየት ያስፈልጋል» ብሎ ተበተነ።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤው ወደ እኛው ግቢ መጣ። የአልባሳት ክፍል ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። ሸሚዙ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ደብዳቤው «ከሟች ጋር ዝምድና የሌለው የስፌት ባለሙያ ሸሚዙን መርምሮ፣ ተቀዶ የተጠገነ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይግለጽ» ይላል። ከቀጭኔ ቀጥሎ ነባሯ እኔ ነኝ።

«እህቴ፣ እንዲህ ጻፊ አልልሽም። ኋላ አስገደዱኝ እንዳትይ» አለ ኃላፊው፣ በሩን እየዘጋ። «ያየሽውን ጻፊ። አንድ መስመር ይበቃል። ደግሞ ልጆች አሉሽ፤ ረጋ ብለሽ አስቢበት።»

ይዤው ወደ ስፌት ክፍል ተመለስኩ። ቀጭኔ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራለች። ምን እንደያዝኩ አውቃለች፤ አንገቷ ያስታውቃል። አልዞረችም። መነጽሬን አድርጌ የታችኛውን እጥፋት ገለበጥኩት። አራት ጣት። ሌላው ቦታ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ እዚያ ጋ ግን ወንፊት ሆኗል፤ እርጅና እንዲህ በልክ አይበላም። ማንኛዋም የስፌት ተማሪ ታየዋለች። ደረቱም ላይ የት እንደሆነ ስለማውቅ፣ አውራ ጣቴ ሥር ያች የክር መጋጠሚያ ተሰማችኝ። ሁሉም ነገር ነበር። አምስት ወር ሙሉ ስለ እውነት የጮህኩበት አፌ ነበር፣ እጄ ነበር፣ እስክሪብቶ ነበር።

«ሸሚዙ ቀደም ሲል ተቀዶ የተጠገነ መሆኑን ለማረጋገጥ አልተቻለም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ለምን ቢሉኝ ፈርቼ ነው። ልጆቼን ምክንያት ላደርግ እችላለሁ፣ ኃላፊው ራሱ አዘጋጅቶልኛል፤ ግን ስፈርም ልጆቼ ትዝ አላሉኝም። ትዝ ያለኝ የጥበቃ ክፍሉ በር ነው። ከመሞት መሰንበት ይላሉ፤ እኔም ሰነበትኩ።

መዝገቡ ተዘጋ። ለቀጭኔ የደረሳት ውሳኔ አንድ ገጽ ሲሆን የእኔ አስተያየት ከኋላ ተያይዟል። መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ በዚያ በተሰነጠቀው መነጽር፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ገልብጣ ሁለተኛውንም አነበበች። ፊርማዬን ታውቀዋለች፤ አሥራ አንድ ዓመት አንድ የሰዓት ፊርማ ደብተር ላይ ከሥሯ ስፈርም ኖሬአለሁ።

የምላትን ሳምንት ሙሉ ሳሰናዳ ነበር። ይቅርታ፣ ልጆች፣ ኃላፊው፣ በሩ ተዘግቶ። «እትዬ» ብቻ አልኩ።

«ለማረጋገጥ አልተቻለም» ብላ አነበበችልኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ። እንዲኖር ጸለይኩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ሥራዬን በጽሑፍ ያመሰገነኝ አልነበረም» አለች። «አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና መኪናዋን አስነሳች። እኔም የእኔን አስነሳሁ።